ወለተ ኪዳን የምትባል ሴት

አልታዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ስም ስትፈልግ ኖራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ሥራዋ የጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነበር። በዚያች ትንሽ መስኮት አንገቱን ያስገባ በሽተኛ ሁሉ፣ ቢያቃስትም ቢያለቅስም፣ መጀመሪያ የሚሰማው የእሷን ድምፅ ነው፤ «ስም! የአባት ስም! የአያት ስም!» የአያቱን ስም የዘነጋ ገበሬ ከመጣ «ሂድና ጠይቀህ ተመለስ» ትለዋለች እያሉ መካነ ሰላም ውስጥ ያሟት ነበር። ሐሜቱ እውነት ነው። አንድ ጊዜማ ምጥ የያዛትን ሴት የአያቷን ስም ጠይቃ ባልየው ሊደበድባት ምንም አልቀረውም።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ፣ በዕድሜዋ ከሁሉ የከበደውን መዝገብ ስትይዝ የአባት ስም ሳትጠይቅ የቀረችው።

ስልኩ የተደወለው ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ ብቅ ባለበት ቀን ነው። አልታዬ ብቻዋን ምሳ ቀርባ ነበር። ብቻዋን መብላት ከጀመረች ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል፤ እጇ ግን አልለመደም። ዛሬም ለሁለት ሰው የሚበቃ ታቀርብና ግማሹን መልሳ ታነሳዋለች።

«ወይዘሮ አልታዬ ነዎት? መቅደላዊት ነኝ፤ ከአዲስ አበባ፣ ከመቅኔ ለጋሾች ማኅበር።»

አልታዬ ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። ማኅበሩን ያቋቋሙት ጥቂት ሐኪሞች ናቸው። የአጥንት መቅኔያቸውን ለማያውቁት በሽተኛ ለመስጠት የፈቀዱ ሰዎችን ይመዘግባሉ፤ ከጉንጫቸው ውስጥ በጥጥ የተጠረገ ናሙና ወስደው ያስመረምራሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚገጥመው በሽተኛ እስኪገኝ መጠበቅ ነው። አልታዬ ስልሳ ሦስት ኤንቬሎፕ ልካላቸው ዓመት ከመንፈቅ ጠብቃለች።

«ከላኩልን አንዱ ገጠመ!» አለች መቅደላዊት፣ ደስታዋን መደበቅ አቅቷት። «አንዲት ታማሚ አለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ በላይ እንድነግርዎ አይፈቀድልኝም። ከቤተሰቧ አንድም ሰው አልገጠመላትም። የርስዎ ቁጥር ስልሳ ሦስት ግን እንደ እህቷ ነው የገጠመላት።»

«ማን ናት ስልሳ ሦስት?»

«እኛም እሱን ልንጠይቅዎ ነው። ኤንቬሎፑ ላይ ወለተ ኪዳን ይላል። የአባት ስም የለውም። ስልኩም የርስዎ ስልክ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ ለጋሿን አግኝተን እንድናመጣ ሐኪሞቹ ሦስት ሳምንት ነው የሰጡን። ከዚያ ከዘገየ ለልጅቷ አይደርስላትም።»

ስልኩ ተዘጋ። አልታዬ እንጀራው ሲደርቅ እያየች ተቀመጠች። ስልሳ ሦስት ሰው መዝግባ የሚያድነው አንዱ ተገኘ፤ እሱም ማን እንደሆነ አይታወቅም። የሠላሳ ዓመት የካርድ ክፍል ሠራተኛ! እፍረቱ ጆሮዋ ድረስ አቃጠላት።

ስህተቱ እንዴት እንደተሠራ ለመናገር ከንጉሡ መጀመር ያስፈልጋል።

ንጉሡ አንድ ልጇ ነበር። አባቱ ገና በጨቅላነቱ ጥሏቸው ሄዷል። አድጎ የሒሳብ መምህር ሆነ፣ ደመወዝ በላ፣ ሉሊት የምትባል የጠላ ሻጭ ልጅ ሊያገባ አሰበ፣ እናቱም አኮረፈች። ኩርፊያው ሳይበርድ አፍንጫው ይደማ ጀመር። ከመካነ ሰላም ደሴ፣ ከደሴ አዲስ አበባ። የደም ካንሰር ነው ተባለ። ሐኪሙ ረጋ ያለ ሰው ነበር። «መድኃኒቱ ጊዜ ይገዛልናል እንጂ አያድነውም፤ የሚያድነው የጤነኛ ሰው መቅኔ ነው። ወንድም ወይም እህት አለው?» አለ።

«አንድ ነው» አለች አልታዬ። ዕድሜዋን ሙሉ በኩራት የምትለው ቃል ነበር። ያን ቀን እንደ ጥፋት ወጣ ከአፏ።

የእሷ አልገጠመም። የአጎቶቹ አልገጠመም። «በውጭ አገር መዝገቦችም አስፈለግን» አለ ሐኪሙ፣ «ግን እዚያ የተመዘገበ የእኛ አገር ሰው ጥቂት ነው። የሚገጥም ሰው የለም ማለት አይደለም። አልተመዘገበም ማለት ነው።» ንጉሡን ይዛ ተመለሰች። ግንቦት ላይ አረፈ። ሃያ አምስት ዓመቱ ነበር።

ሙት ዓመቱ ሲደርስ ዘመድ ሰንጋ ይታረድ አለ። አልታዬ ግን ከማኅበሩ የናሙና መውሰጃ ሳጥን አስመጥታ ድንኳኑ በር ላይ ሁለት ጠረጴዛ ዘረጋች። በአንዱ ራሷ ተቀመጠች፣ በሌላው ትንሳኤ የምትባል ነርስ። ከጸሎቱ በኋላ ተነስታ ለቀስተኛውን እንዲህ አለችው፤ «ልጄን በሽታው ብቻ አልገደለውም። የእኛ ሰው መዝገብ ላይ አለመኖሩም ገድሎታል። ምናልባት እዚህ ከተቀመጣችሁት አንዳችሁ ትገጥሙለት ነበር፤ እኔም አላውቅም፣ እናንተም አታውቁም። ለእሱ አልፏል። ነገ ለሚታመም የሰው ልጅ ግን አላለፈም። ዛሬ የምትሰጡኝ ጉንጫችሁን በጥጥ ማስነካት ብቻ ነው። ከገጠማችሁ አምስት ቀን መርፌ ትወጋላችሁ፣ ከዚያ ከክንዳችሁ በመሣሪያ ይወሰዳል፤ የተወሰደውን ገላችሁ በሳምንታት ይተካዋል።»

«መቅኔ የተወሰደበት ሰው ይደርቃል ይባላል» አለ አንድ ሽማግሌ።

«የሰጡት ሰዎች ልጅ ወልደው ይኖራሉ» አለች አልታዬ። «የደረቅሁት እኔ ነኝ፤ እኔን እዩ።»

ሰው ተንጫጫ፣ ከዚያ ተሰለፈ። መጀመሪያ የተሰለፈው ጎረቤቷ ሁዜይፋ ነው፤ ባጃጅ የሚነዳ፣ ነገር የሚያበርድ ልጅ። «ሁዜይፋ ሀምዱ አሊ ብለው ይጻፉ» አለና አፉን እንደ ጥርስ ታካሚ ከፈተ። ሙስሊሞቹ ሁሉ እንደ እሱ ከነአያታቸው ተመዘገቡ። ስህተቱ የመጣው ከክርስቲያኖቹ ነው። ቦታው ሙት ዓመት ነው፤ ካህናት ተቀምጠዋል፤ ነገሩ በሽተኛ ለማዳን ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ ስም ስጡ የተባለ ክርስቲያን ምን ይሰጣል? የክርስትና ስሙን ነዋ! ወልደ ገብርኤል፣ ገብረ መድኅን፣ ወለተ ሥላሴ። አሥራ አንድ ሰው እንዲህ አስጻፈ።

አልታዬ አላወቀችም ነበር ማለት ውሸት ይሆናል። አውቃለች። ግን ያ ሰልፍ ለልጇ የሚጸለይ ጸሎት መሰላትና አንጀቷ ራሰ። ስንቱን በሽተኛ ያመናጨቀችበት አፍ ያን ቀን «የአባት ስም?» ማለት ከበደው። አሥሩን በኋላ በስልካቸው አጣርታ አስተካከለቻቸው። አንዷ ግን ስልክ አልሰጠችም።

የክርስትና ስም እንደ ሌላ ስም በየመንገዱ አይጠራም። ቄሱ ያውቀዋል፣ እናት ታውቀዋለች፣ የክርስትና እናት ታውቀዋለች፤ ከዚያ ውጭ ለቁርባን፣ ለጸሎትና ለፍትሐት ካልሆነ አይወጣም። ክፉ ሰው እጅ ከገባ ለመተት ይውላል ብሎ የሚፈራም ብዙ ነው። አልታዬም የራሷ ስም ነበራት፤ ወለተ ሐና። ስሙን የሚያውቁት እናቷ፣ የክርስትና እናቷና የንስሐ አባቷ ሁሉም አፈር ገብተዋል። የመጨረሻው ንጉሡ ነበር። ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ተስቦ ይዟት «ከሞትኩ ለቄሱ ንገር፣ ስሜ ወለተ ሐና ነው» ብላ በጆሮው ነግራዋለች። እሱ ከሞተ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑንም ቄሱንም አኩርፋ ስለቀረች የነገረችው ሰው የለም። አንዳንድ ቀን ብቻዋን ስትሆን ይህ ይመጣባታል። ስትሞት ቄሱ ማን ብሎ እንደሚፈታት የሚነግረው ሰው በምድር ላይ አልነበረም።

ፍለጋውን ከትንሳኤ ጀመረች። ትንሳኤ ከሄደች ዓመት ሆኗታል፤ ጅዳ ናት። መልሷ በድምፅ መልእክት መጣ። «እትዬ፣ ትዝ ትለኛለች። የመጨረሻዋ ነበረች፤ ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ስለነበር ፊቷን አላየሁትም። ስልክ ስላት የቤቱን ባለቤት ስልክ ጻፊው አለችኝ። የተከናነበችው በርዷት መስሎኝ ነበር።»

ነጠላ የለበሰች ሴት! መካነ ሰላም ላይ ነጠላ ያልለበሰች ሴት ፈልጎ ማግኘት ነው የሚከብደው።

ከዚያ በየቤቱ መዞር ሆነ። ለሙት ዓመቱ የመጡትን ሴቶች አንድ በአንድ እያስታወሰች ደጃቸው ትሄዳለች፤ ሰላምታ ትለዋወጣለች፤ ከዚያ በካርድ ክፍል ልማዷ በቀጥታ፣ «የክርስትና ስምሽ ወለተ ኪዳን ነው?» ትላለች። የሴቶቹ ፊት ወዲያው ይቀየራል። አንዷ ሣቀች። አንዷ «ውይ፣ ረስቼዋለሁ» አለች። አንዷ ልጇን ወደ ጓዳ አስገብታ በሩን ገጠም አደረገች።

በሳምንቱ ወሬው ከተማውን ሞላው። አልታዬ ደብተራ ይዛለች አሉ። የሰው ስም እየሰበሰበች ነው፤ የአንዷን ነፍስ ሰጥታ የልጇን ልትቀበል ነው አሉ። ያን ያሉት ከአሥር ዓመት በፊት ካርዳቸውን ፈልጋ ያወጣችላቸው ሰዎች ናቸው። ገበያ ስትወጣ በርበሬ ሻጮቹ መስፈሪያቸውን እያዩ ሰላም አሏት። የጎረቤቷ የወርቄ ልጅ እንደ ወትሮው እሳት ልትጭር መጥታ በር ላይ ቆማ ተመለሰች።

አልታዬ ወርቄን በአጥር ላይ ጠራቻት። «ወርቄ፣ አንቺም?»

«እኔ ምንም አላልኩም፣ እትዬ» አለች ወርቄ መሬት መሬት እያየች። «ግን የሰውን ስም ምን ሊያደርጉት ይጠይቃሉ? ሰው ይፈራል።»

«አንዲት ልጅ ልትሞት ነው።»

«የማን ልጅ?»

«አላውቅም።»

ወርቄ ቀና ብላ አየቻት። የማያውቁት ሰው ልጅ ልትሞት ነው ብሎ እንዲህ መሆን ለወርቄ ከደብተራው ወሬ በላይ የማይታመን ነገር ነበር። «እግዜር ይማራት» ብላ ገባች።

ያን ቀን አልታዬ ሆድ ባሳት። ንጉሡ በሞተ ጊዜ እንኳ እንዲህ ብቻዋን አልሆነችም፤ ያኔ ቢያንስ ሰው መጥቶ ዝም ብሎ አብሯት ይቀመጥ ነበር። ደጁን የሚያንኳኳ የነበረው ሁዜይፋ ብቻ ነው። «አብሽሩ፣ እትዬ» አላት ባጃጁን ሳያጠፋ። «እኔን ቢጠይቁኝ ችግሩ እናንተ ስም ስለበዛባችሁ ነው። ወላሂ፣ እኔ ለአላህም ለትራፊክ ፖሊስም አንዱን ሁዜይፋን ነው የምሰጠው። አሁን ዝም ብለው ይውጡ፤ መምሬ የኋላሸት ዘንድ ላድርስዎ።»

«ከእሳቸው ጋር አልነጋገርም።»

«ልጅቱ ከእሳቸው ጋር ተጣልታለች?»

አልታዬ ነጠላዋን አንስታ ወጣች።

መምሬ የኋላሸት የከተማው እኩሌታ የንስሐ አባት ናቸው። ንጉሡን የቀበሩትም እሳቸው ናቸው። አልታዬ ያን ቀን «ጸሎትዎ የት ደረሰ?» ብላ ሰው ፊት ጮኻባቸው፣ ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን አይታ አታውቅም። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው። እሳቸው የድሮውን አላነሱም፤ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሟትና የመጣችበትን እስክትጨርስ ሰሟት።

«ስም አልነግርሽም» አሉ። «አንቺስ ካርድ ክፍል ሳለሽ የሰው በሽታ ለሰው ትናገሪ ነበር?»

«አልናገርም።»

«እንዲያ ነው። ግን ከንስሐ ልጆቼ አራት ወለተ ኪዳን አሉኝ። እኔ እጠይቃቸዋለሁ። ረቡዕ ነይ።»

ረቡዕ አሥራ ሰባተኛው ቀን ነበር። ገና ጎሕ ሲቀድ ግቢው በር ላይ ቆማ ቅዳሴው እስኪያልቅ ጠበቀቻቸው።

«ሦስቱ አይደሉም» አሉ መምሬ። «አንደኛዋማ ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ ጉንጬን ማን ሊነካኝ ብላ ተቆጥታኛለች።»

«አራተኛዋስ?»

መምሬ መቋሚያቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «አራተኛዋ እዚህ የለችም። ወግዲ ናት። እንድትጠየቅ ሰው ልልክባት አስቤ ተውኩት።»

«ተዉት? አባ፣ አራት ቀን ነው የቀረን! ልጅቱ እየሞተች!»

«ነገ በመጀመሪያው መኪና ከሄድሽ ከምልከው ሰው ትቀድሚያለሽ፤ ወግዲ ስልክም አይሠራ። የተውኩት ግን ለዚያ አይደለም። ያችን ልጅ ይህን መለመን ያለብሽ አንቺ ነሽ። ለምን ብትይኝ አልነግርሽም። የቤትሽን በር ጠይቂው።»

አልታዬ የቤቷን በር መጠየቅ አላስፈለጋትም። እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

ንጉሡ ከአዲስ አበባ ተመልሶ አልጋ ላይ ሳለ ሉሊት መጥታ ነበር። ሦስት ቀን መጣች። ሦስቱንም ቀን የቆርቆሮውን በር አንኳኳች፣ ሦስቱንም ቀን አልታዬ መቀርቀሪያውን ሳታነሳ ከውስጥ «ተኝቷል» አለቻት። ጠላ ሻጭ እናት ስላላት አልነበረም፤ ያ ሰበብ ያኔ አልፎበታል። ለልጇ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር፣ ያንን ደግሞ ለማንም ማካፈል አልፈለገችም። ለብቻዋ ፈለገችው። በሦስተኛው ቀን ንጉሡ ከአልጋው ሆኖ «እማ፣ በር ላይ ማነው?» አላት።

«ለማኝ ነው» አለች።

ይህን ነገር ለንስሐ አባት ያልተናገረችው ቄሱን ስላኮረፈች ብቻ አልነበረም።

በማግስቱ ወግዲ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ቆመች። መንገዱን ሙሉ በግራና ቀኝ የጤፍ ክምር ነበር፤ ሰው ደቦ ወጥቶ ያጭዳል፣ ይሣሣቃል። አልታዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ የምትለውን ታሰላስላለች። ይቅርታ አድርጊልኝ ልበል? ምን አፍ አለኝ! ልጅቱ በሩን ብትዘጋብኝስ? ትዝጋ። ሦስት ቀን እቆማለሁ አለች በልቧ። ሦስት ቀን ከቆመች ደግሞ ቀኑ ያልፋል። ይህን ስታስብ እንባዋ መጣ። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ አቧራው ነው ብሎ መስኮቱን ዘጋላት።

ሉሊት መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት እንዳላት ሰው አሳያት። መብራት ስለሌለ በሩ ገርበብ ብሏል። አልታዬ ነጠላዋን አስተካከለችና አንኳኳች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያንኳኳችው። በሩ ተከፈተ።

ሉሊት ከስታለች። አልታዬን ስታይ ደነገጠች፤ ግን በሩን አልለቀቀችም፣ አልዘጋችውምም። «እትዬ! ይግቡ፣ ይግቡ። ነፋስ ነው» አለችና ያለቻትን አንድ ወንበር አራግፋ ሰጠቻት።

አልታዬ አልተቀመጠችም። በመንገዱ ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት። «ወለተ ኪዳን አንቺ ነሽ?» አለች።

«ነኝ።»

«ገጥመሻል። አንዲት ልጅ አለች፣ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እስከ እሑድ አዲስ አበባ ካልደረስሽላት ትሞታለች።»

ሉሊት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረና «ለእሱ ቢሆን ምን ነበር!» አለች።

ያን ጊዜ አልታዬም አለቀሰች። ሁለቱም ቆመው አለቀሱ፤ አልተቃቀፉም፤ በመካከላቸው ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ነበር።

«ስምሽን ለምን አልነገርሽም ያኔ?» አለች አልታዬ ትንሽ ቆይታ።

«ሉሊት ብዬ ባስጽፍ ወረቀቱን ቀደው ይጥሉታል ብዬ ፈራሁ።»

አልታዬ አሰበች። አልቀድም ነበር ልትል ፈለገች። «እቀደው ነበር» አለች። «እውነትሽን ነው። እቀደው ነበር።» ያች ወረቀት ብትቀደድ ኖሮ አሁን አዲስ አበባ ለተኛችው ልጅ ማንም አይገጥምላትም ነበር። ይህ ሲገባት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ሉሊት ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ያማል ወይ አላለችም፣ ስንት ቀን ይፈጃል አላለችም። ሱቁን ለማን እንደምትተወው፣ የነገው አውቶቡስ በወረኢሉ በኩል ስንት ሰዓት እንደሚነሳ እያወራች ወደ ጓዳ ገብታ ልብስ ትሰበስብ ጀመር። አልታዬ ዓይኗን ስትጠርግ ጠረጴዛው ላይ፣ መስተዋቱ ሥር፣ አንዲት ወረቀት አየች። በየወሩ ለኪዳነ ምሕረት የሚሰጥ የጸሎት ስም ዝርዝር ነው። በሁለት ተከፍሏል። ያረፉ በሚለው ሥር መጀመሪያ የተጻፈው ኃይለ ጊዮርጊስ ነው፤ የንጉሡ ስም። አነበበችውና አልገረማትም። በሕይወት ያሉ በሚለው ሥር የሉሊት እናት ስም መሆን ያለበት አንድ አለ። ከእሱ በታች፣ በዚያው የእጅ ጽሑፍ፣ ወለተ ሐና ይላል።

አልታዬ የክርስትና ስሟን ተጽፎ አይታ አታውቅም ነበር። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው።

«ሉሊት» አለች። «ይህን ማን ነገረሽ?»

ሉሊት ከጓዳ ወጥታ ወረቀቱን አየችና አቀረቀረች። «ንጉሡ። እርስዎ በር ላይ ተኝቷል ያሉኝ የመጨረሻው ቀን። ከውስጥ ሆኖ ደወለልኝ፤ ድምፁ በስልኩም በግድግዳውም ይሰማኝ ነበር። እናቴን አትቀየሚያት አለኝ። ከእኔ በኋላ በስሟ የሚያስጸልይላት ሰው የለም፣ አንቺ አስጸልይላት ብሎ ስምዎን ነገረኝ። በየወሩ አስጸልያለሁ። ከተቀየሙኝ…»

አልታዬ ከዚህ በኋላ ያለውን አልሰማችም። ለማኝ ነው ስትለው ልጇ ያውቅ ነበር። አውቆ ዝም አላት፤ አውቆም ለእሷ ሰው ለመነላት። ሁለት ዓመት ተኩል ማንም አያውቀኝም እያለች ባዶ ቤት ስትቀመጥ፣ ወግዲ ላይ በየወሩ ስሟ ይጠራ ነበር።

ከምሳ በኋላ ኔትወርክ አለባት ወደተባለች ጉብታ አብረው ወጡ። ስልኩ ገና ሁለቴ እንደጠራ መቅደላዊት አነሳችው።

«ተገኘች» አለች አልታዬ። «ነገ እንነሳለን። አስታማሚዋ እኔ ነኝ።»

ከወዲያ በኩል የደስታ ጩኸት ተሰማ። ከዚያ ወረቀት ሲገለጥ ተሰማ። «እሺ፣ እትዬ፣ ፎርሙን ልሙላ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም?»

«ሉሊት» አለች አልታዬ፤ እዚያ ላይ ቆመች። ይህች ልጅ የቤቷ ልጅ ልትሆን ስትል አንድ ዓመት ሙሉ የእናቷን ጠላ ስታነሳ ከርማ፣ የማን ልጅ ነሽ ብላ አንድ ቀን ጠይቃት አታውቅም። ስልኩን ከጆሮዋ ዝቅ አድርጋ ወደ ሉሊት ዞረች።

«የአባትሽ ስም ማነው፣ ልጄ?»